በየጎፍ ደን ውስጥ ያየኋቸው እንጉዳዮች

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ሰሞን፣ የጦሳን ተራራ ከኋላዬ ትቼ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ከደሴ ብርድ ወደ ቦርከና ሸለቆ ሙቀት ስወርድ፣ ሌላው መንገደኛ ገደሉን እያየ ሲሣቀቅ የእኔ ዓይን ያረፈው ኮምቦልቻን ቁልቁል በሚመለከተው በየጎፍ ደን ላይ ነበር።

ጥድና ወይራ ተቀላቅለው ከሚበቅሉበት ከዚያ ደን ገብቼ አስቀድሜ ያገኘሁት፣ በወደቀ የወይራ ግንድ ጎን ተደራርቦ የወጣ፣ ጠርዙ ነጭ ሆኖ ወደ ውስጥ ቡናማና ግራጫ ቀለበት የተከታተለበት፣ ደቃቅ ጠጉር የለበሰ ስስ እንጉዳይ ነው፤ ሊቃውንት ትራሜቴስ ቨርሲከለር የሚሉት መሰለኝ። ገልብጬ ባየው፣ ዘሩን ለነፋስ የሚሰጥባቸው እልፍ ቀዳዳዎች በዓይን በጭንቅ ይለዩ ነበር። ፀሐይ በሚደርስበት ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ደግሞ፣ በሞቃት አገሮች የሚታወቀው ፒክኖፖረስ ላዩም ሥሩም ቀይ ብርቱካናማ ሆኖ ተቀምጧል።

ይህ ሁሉ ኅብረ ቀለም ፍሬው ብቻ ነው፤ አካሉ በእንጨቱ ውስጥ ተሰውሮ፣ ለብዙው ፍጥረት የማይበገረውን፣ እንጨትን የሚያጸናውን ሊግኒን በነጫጭ ክሮቹ እየፈታ ይመገባል። የግንዱን ጫፍ በጣቴ ብነካው ነጥቶና ለስልሶ ተፈረፈረ፤ ከሥሩም ጥቁር ለም አፈር ወጣ።

በሕይወት ባለ አንድ አረጋዊ ጥድ ላይ ያየሁት እንጉዳይ ግን አሳዘነኝ። የሰኮና ቅርጽ ያለው፣ ላዩ ጠቁሮ የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ከዛፉ ሥር የወደቀ ቁራጩን ብሰብረው ውስጡ የሸክላ ጡብ ቀለም ሆኖ ተገኘ። የጥድን ልብ የሚበላው ፓይሮፎመስ ዴሚዶፊ ይህ ሳይሆን አይቀርም። አብሮኝ የነበረው የደን ጠባቂ፣ «ጋሼ፣ ይኸ የጅብ ጥላ የወጣበትን ጥድ በመጥረቢያ ጀርባ ቢመቱት እንደ ከበሮ ነው የሚጮኸው፤ ውስጡ ካለቀ በኋላ ነው ብቅ የሚለው» አለኝ።

ሆኖም የታመመውን ጥድ አይቶ እንጉዳይን ሁሉ ጠላት ማለት ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል፤ የወደቀውን የሚያፈርሰው ባይኖር ኖሮ፣ ዛፎቹ በዘመናቸው ከምድር የወሰዱት ሲሳይ በሙት ግንድ ውስጥ ታስሮ በቀረ ነበር። የማገዶ ችግር እውነት መሆኑን፣ ሸክም ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ጭራሮው ይለቀም፤ ትልልቁ የወይራ ግንድ ግን እንደ ወደቀ እንዲተው ጠባቂውን አጥብቄ ለመንሁት።