የተወጠረ ምድር

የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ በተነሳ ቁጥር ዶርማችን ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ «ቁጣ ነው፤ ኃጢአታችን በዛ» ይላል። ሌላው፣ በተለይ የሳይንሱ ወገን፣ «ፕሌት ነው!» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔ የታሪክ ተማሪ ነኝ፤ ሁለቱም መልስ አያስተኛኝም።

እርግጥ ነው፣ ፕሌት ነው። የቆምንበት ምድር አንድ ወጥ ድንጋይ ሳይሆን እንደ ተሰነጠቀ ምጣድ የተከፋፈለ ነው። ስምጥ ሸለቆ የምንለውም ምሥራቁ ከምዕራቡ የሚላቀቅበት ቦታ ነው። ፍጥነቱ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ የጣት ጥፍር እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ግን ዓለት እንደ ሊጥ አይሳብም። ይወጠራል፣ ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። የስንት ዘመን ውጥረት በሴኮንዶች ይለቀቃል። በመለኪያው አንድ ቁጥር መጨመርም ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ጉልበቱ 32 እጥፍ ገደማ ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ መሬቱን ይፈለቅቀዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም መሬት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ዙሪያ ለወራት የተመላለሰው፣ የአዲስ አበባን ፎቅ ያወዛወዘውም የዚሁ ዘር ነው።

እሺ፣ ይህን አወቅን። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። በ1953 ዓ.ም. የፈረሰችውን ማጀቴን፣ በ1961 ዓ.ም. የወደመችውን ሰርዶን ከመካከላችን ስንቱ ያውቃቸዋል? ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዋን የኢትዮጵያን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲያሳትሙ በመሣሪያ ብቻ አልተማመኑም፤ ዜና መዋዕል ሳይቀር በረበሩ። የጥንቱ ጸሐፊ «ቁጣ ነው» ብሎ ቢያምንም ያየውን ጻፈ፤ የጻፈውም ለሳይንስ ማስረጃ ሆነ። «ፕሌት ነው» ብሎ የተኛው ግን ለማን ምን ተወ?

ነውጡን ማስቆም አይቻልም፤ ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ የሚናገርም የለም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚገድለው ነውጡ ሳይሆን የሚናደው ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ማን ገነባው? ሲሚንቶውን ማን ቀነሰው? ይሄ በቁጣም በፕሌትም አይመካኝም። የኛው የሰዎች ሥራ ነው፤ ስለዚህም የታሪክ ጉዳይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ዙሪያ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። ከዚያ አካባቢ የመጣችሁ አብራችሁን አላችሁ። ያያችሁትን፣ የቱ ቤት እንደ ፈረሰና የቱ እንደ ቆመ፣ ሳይረሳ ጻፉት።