ስለ ጭቃና ስለ ውኃ አምሳል

ቤትንና ዛፍን፥ ፈረስንና ሰውን አሳንሶ መሥራት ብዙ ትዕግሥት ቢጠይቅም መንገዱ የታወቀ ነው፤ ይኸውም ልኩን ለ35 ከፍሎ መቅረጽ ነው። ቁመቱ 175 ሴንቲሜትር የሆነ ወታደር በዚህ ልክ 5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ውኃ ግን እንዲህ አይከፈልም። ዲዮራማ በሚባለው፥ በገበታ ላይ በሚሠራው ትንሽ የአገር አምሳል ውስጥ እውነተኛ ውኃ ቢያፈሱበት ውኃው ባሕርዩን አይለውጥም፤ 4 ሚሊሜትር የምትሆን ጠብታ በዚያ ትንሽ ዓለም 14 ሴንቲሜትር ሆና በወታደሩ ራስ ቁር ላይ እንደ ትርንጎ ተቀምጣ ትታያለች። ገበታው ቢነካም ሞገዱ ቶሎ ቶሎ ይርገበገባል እንጂ የትልቅ ውኃ ግርማ የለውም። ስለዚህ ሌላ ነገር ፈልጎ ውኃ እንዲመስል ማድረግ ግድ ይሆናል።

የቀድሞ ሠሪዎች ይህን አውቀው መስተዋት ያነጥፉ ነበር። መስተዋት ሰማይን መልሶ ማሳየት ያውቃል፤ ነገር ግን ታች ስለሌለው ቀርበው ሲያዩት የክፍሉን ጣራና የተመልካቹን አፍንጫ ያሳያል እንጂ ኩሬ አይሆንም። ዛሬ ብዙዎች የሚሠሩት ሬዚን በሚባል፥ ከማጠንከሪያው ጋር ሲደባለቅ እንደ ብርጭቆ ጠንክሮ በሚቀር ዝልግልግ ነገር ነው።

አንድ የዚህ እጅ ሥራ ወዳድ 40 ሴንቲሜትር በማይሞላ ሳንቃ ላይ ሊሠራ የመረጠው በቤልጂክ አገር በኢፕር ከተማ አጠገብ ያለውን የፓሽንዴልን ሜዳ ነበር። በዚያ ስፍራ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓመት ከጁላይ 31 እስከ ኖቬምበር 10 ቀን ድረስ እንግሊዞችና ተባባሪዎቻቸው ከጀርመኖች ጋር ተዋጉ። አገሩ ዝቅተኛ፥ አፈሩም ውኃ በቶሎ የማያሳልፍ ሸክላ ስለሆነ እርሻው የቆመው በቦይ ነበር። እግረኛው ጦር ከመነሣቱ በፊት የተተኮሰው ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ የመድፍ ጥይት ግን ቦዩን አፈራርሶ ሜዳውን ጉድጓድ በጉድጓድ አደረገው። በኦገስት ወር ብቻ ከ120 ሚሊሜትር የሚበልጥ ዝናም ወረደ፥ የሚሄድበትም አጣ። ወታደሮች በጭቃው ላይ በተነጠፈ ሳንቃ ይሄዱ ነበር፤ ከነሸክሙ ከሳንቃው ከተንሸራተተው አንዳንዱ በጉድጓዱ ሰምጦ ቀረ። ፈረሱና በቅሎውም እንዲሁ።

ሠሪው ሥራውን የጀመረው ከጭቃው ነው፤ ደግ አደረገ። ጭቃ አንድ ቀለም ይመስላል እንጂ አይደለም። በዚያ አገር የላዩ አፈር ቡናማ ሲሆን ከሥር ያለው ሸክላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው። ይህንንም ከጠላት ምሽግ በታች ዋሻ የቆፈሩት ወታደሮች አሳምረው ያውቁት ነበር፤ ያወጡትን ሰማያዊ ሸክላ ጠላት ከአውሮፕላን እንዳያይባቸው ይሸሽጉት ነበርና። እንግዲህ ጥይት የፈነቀለው ጉድጓድ ከንፈሩ ከሜዳው ቀለም መለየት አለበት። ሰውየው በወንፊት የተነፋ አፈር በምድጃ አደረቀ፥ እርጥቡ ይሻግታልና፤ ከዚያም ከጄሶና ከነጭ ሙጫ ጋር ለወሰው። ጄሶው እስኪጠነክር ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በዚህ ጊዜ ጎማውን ማንከባለል፥ ጫማውን ማተም ያስፈልጋል። ከደረቀ በኋላ የቆመ ወታደር ክብደት የለውም፤ ጭቃው በጫማው ዙሪያ ካልተነሣለት በጠረጴዛ ላይ የተረሳ መጫወቻ ይመስላል።

እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ የሚጠቁረው ውኃው በቅንጣቶቹ መካከል ገብቶ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ስለሚመራው ነው፤ ወደ ዓይን የሚመለሰው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ቫርኒሽ መቀባት ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ ማጥቆር፥ ቀጥሎ ማብረቅ ይገባል። ሁሉን ማብረቅ ደግሞ ነውር ነው። ጭቃ በተረከዝ ላይ ያበራል፥ በጉልበት ላይ ይደበዝዛል፥ በካፖርቱ ጫፍ የትናንቱ ደርቆ ነጣ ብሎ ይታያል። የሚወርድ ዝናምን ማሳየት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ የዘነበበትን ምልክት ግን በትከሻና በራስ ቁር ላይ ማኖር ይቻላል።

ወደ ውኃው በደረሰ ጊዜ ሳንቃውን በውኃ ልክ አስተካከለ፥ ሬዚኑንም ከማጠንከሪያው ጋር በታዘዘው መጠን መዝኖ አደባለቀ፤ መጠኑ ከተሳሳተ እንደተጣበቀ ይቀራልና። በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርገው ቢያፈሱት ራሱ በሚያወጣው ሙቀት ሊሰነጠቅ ስለሚችል በቀጭን በቀጭኑ አፈሰሰው። ጓንት ማጥለቅና መስኮት መክፈት እንደሚገባ መናገር ትርፍ ቃል ቢመስልም ብዙዎች የሚያምኑት ቆዳቸው ከተቆጣ በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን ኩሬው ጥርት ብሎ፥ ከሥሩ ያለው ጠጠር እየታየ፥ ጥቂት አረንጓዴ ተጨምሮበት እጅግ አማረ። የእኅቱ ልጅ መጥታ አየችና «አጎቴ፥ ዓሣዎቹ የት አሉ?» አለችው።

ልጅቱ ክፉ አልተናገረችም። እንደዚያ ባለ ውኃ ውስጥ ዓሣ ይኖራል። ሰውየው ፍራንክ ሀርሊ የተባለው አውስትራልያዊ ፎቶግራፍ አንሺ በ1917 ዓመት ኦክቶበር 29 ቀን በሻቶ ዉድ ያነሣውን ሥዕል አውጥቶ እንደገና ተመለከተ። ወታደሮች በሳንቃው ላይ ይሄዳሉ፥ የተቆራረጡት ግንዶች በውኃው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ፤ ከውኃው በታች ግን ምንም አይታይም። እንዲህ ላለ ድፍርስ ውኃ ጥልቀት ማፍሰስ ከንቱ ወጪ ነው፤ ወለሉን በቡናማና በግራጫ ቀብቶ በላዩ ቫርኒሽ ደጋግሞ ማልበስ ይበቃል። የጠነከረውን ሬዚን በመሮ ፈልፍሎ አወጣው፤ ይህም ሁለት ምሽት ፈጀበት።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ ክርክር ይነሣል። ያው ሀርሊ የጦርነቱን መልክ ሙሉ አድርጎ ለማሳየት የልዩ ልዩ ፎቶግራፎችን ክፍል በአንድ ሥዕል ያጋጥም ነበር፤ የጦርነቱ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ቢን ይህን ሐሰት ነው ብሎ ተቃወመው። ሆኖም በካንበራ በ1941 ዓመት በተከፈተው የጦርነት መታሰቢያ ቤት ዲዮራማዎች እንዲኖሩ ከደገፉት ሰዎች አንዱ ራሱ ቢን ነበረ፤ ዲዮራማም ቢሆን ከጄሶና ከቀለም የተጋጠመ ነው። ልዩነቱ፥ ፎቶግራፍ «ይህ በእርግጥ በፊቴ ነበረ» ብሎ ሲመሰክር ዲዮራማ ግን የሰው እጅ ሥራ መሆኑን የማይሸሽግ መሆኑ ይመስላል። ስለዚህ ሠሪው ለማጋጠም ነፃነት አለው፤ የሰው መስጠሚያ የነበረውን ስፍራ የሽርሽር ኩሬ ለማድረግ ግን ነፃነት የለውም።

ሰውየውን ከዚህ በኋላ የቸገረው የሰጠመውን ሰው የማሳየትና ያለማሳየት ነገር ነበር። ከውኃው የወጣ እጅ አድርጎ ሞከረ፤ ዓይን ሁሉ ወደ እጁ ብቻ ሄደ፥ ተመልካችን ለማስደንገጥ የተሠራ ጨዋታም መሰለ። እጁን ነቀለው። በዚያ አገር ታይን ኮት በሚባለው ስፍራ ወደ 12,000 የሚጠጉ መቃብሮች አሉ፤ ከእነርሱም ከ8,300 የሚበልጡት ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደሆነ አልታወቀም። በመጨረሻ ከሳንቃው መታጠፊያ አጠገብ ያለውን አንዱን ጉድጓድ ብቻ ጠልቆ ቆፈረ፥ ከነሸክሙ የተቀረጸ አንድ ወታደርም በወለሉ ላይ አጣበቀ። ልብሱን ቀባው፥ የካፖርቱን ቁልፎች እንኳ አልተወም። ከዚያም ሬዚኑን እስኪደፈርስ ድረስ በቡናማ ቀለም ለውሶ በቀጭን በቀጭኑ አፈሰሰበት። በሦስተኛው ወታደሩ ጠፋ። አቧራ እንዳይወድቅበት ሣጥን ደፍቶበት ሁለት ቀን ተወው።