የአዳም ጤና እና የአያቴ እግር

አያቴ የላሊበላ ሰው ናት። ገና ሲመጣ መቋሚያዋን ተደግፋ ሌሊቱን በቁሟ ታድራለች፤ በማለዳ ቤተ ማርያም ላይ «ቤዛ ኩሉ» ሳይዜም ወደ ቤት አትልም። ከዚያ መደብ ላይ እግሯን ትዘረጋለች። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱ እስኪሞላ አቦል ተጠጥቶ ያልቃል።

ጀርመን ያለችው አክስቴ ለዚሁ እግር ብላ ኪኒን ላከች። ወረቀቱ ላይ «ሩቶሳይድ» የሚል ቃል አየሁና የዘር ሐረጉን መቁጠር ጀመርኩ። ሩቶሳይድ ከሩቲን፣ ሩቲን ከሩታ ይወለዳል። ሩታ ደግሞ ሮማውያን ለጤና አዳም ያወጡት ስም ነው! በፈረንጅ አቆጣጠር በ1842 አውጉስት ቫይስ የተባለ የኑረምበርግ መድኃኒት ቀማሚ ከአውሮፓው ጤና አዳም፣ ከእኛው የቅርብ ዘመድ፣ ሩቲንን ለይቶ አወጣ። ከሩቲን የተሠሩት ኪኒኖች በደም ሥር ድካም ለከበደና ላበጠ እግር ይታዘዛሉ። እብጠቱን ቀነስ ያደርጉታል እንጂ ተአምር አይሠሩም።

ለአያቴ ነገርኳት።

«ታዲያ ከደጄ ቆርጠው ወስደው ነው የሚሸጡልኝ?» አለች።

ደጇ ላይ እውነትም አለ፤ ከእንሥራው አጠገብ፣ እጣቢ እየጠጣ ያደገ ቁጥቋጦ። ቅጠሉን ለሆድ ቁርጠት፣ ለጉንፋን፣ ለቡዳ ትሰጣለች፤ ፍሬውን በርበሬ ውስጥ ትጨምራለች። ለእግር ግን አንድም ቀን ሰጥታ አታውቅም፤ ለእግር ቅቤ ነው። እንዳትቆጣ ብዬ ያልነገርኳት ደግሞ አለ፦ ዛሬ በፋብሪካ የሚመረተው ሩቲን በአብዛኛው የሚወጣው ከቻይና ዛፍ የአበባ እንቡጥ ነው። ከጤና አዳም የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ስለ አማርኛው ስም አያቴ የራሷ ታሪክ አላት። ከቤተ ጎልጎታ በስተ ምዕራብ፣ ከቦዩ መሃል የቆመው አራት ማዕዘን አለት የአዳም መቃብር ይባላል። «እሱ እዚያ አረፈ፣ ጤናውን ለእኛ ተወ» ትላለች። የቋንቋ ሊቅ ባይቀበላትም እኔ አልከራከራትም፤ ቡናውን የምታፈላው እሷ ናት።

ጤና ጣቢያ ወስጃት ልቧና ኩላሊቷ ከታየ በኋላ የተሰጣት ምክር «እማማ፣ ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉ» የሚል ነበር። የኪኒኑን ካርቶን ከእግሯ ሥር አደረገችው።

ይህን አንብባችሁ ቅጠሉን ጨቅጭቃችሁ እግራችሁን ልታሹ የተነሣችሁ ካላችሁ ግን ተዉት፤ ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፣ ውሃም ይቋጥራል። ነፍሰ ጡርም አትንካው። ለቡና አንዲት ቀንበጥ ትበቃለች።