07:50 ማለት ስንት ሰዓት ነው?

ተማሪዎቼ፣ በተለይ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያስተማርኳችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ሳቁብኝ። ይገባኛል።

በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ ክብ ሰዓት እየሳልኩ «የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት ይለያል። ስድስት ቀንሱ፣ አልቀነስ ካለ ስድስት ደምሩ» እያልኩ ስጮህባችሁ የኖርኩት ሰውዬ የገዛ እናቴን ከአውሮፕላን አስቀረኋት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ልቧን ታመመች። ትንሽ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ ማታ እግሯ ያብጣል። አዲስ አበባ የልብ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ለማግኘት ሦስት ወር ጠበቅን። ከጋይንት ባሕር ዳር ድረስ በመኪና እንደምንም ትችላለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አትችለውም፣ መንገዱም እንደምታውቁት ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ሁለት ትኬት ቆርጦ በቴሌግራም ላከልኝ። 07:50 ይላል። እኔም «ሰባት ሰዓት ከሃምሳ» ብዬ አነበብኩት። በቃ፣ አለቀ።

በበረራው ዕለት እማዬ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታ፣ ጸሎቷን አድርሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቁጭ ብላለች። «አንሄድም እንዴ?» ስትለኝ «ገና ነው እማዬ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው። ቁርስ ብዪ» አልኳት። 4:30 ላይ ኤርፖርት ደረስን። ሰው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል፣ እኔ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ ብዬ ኩራቴ ለብቻው ነበር!

ፍተሻው ላይ ያለው ልጅ ስልኬን አየ፣ ደግሞ አየ። «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሄዷል። ጠዋት 1:50 ነበር» አለኝ።

ምን ልበላችሁ፣ ጆሮዬ ጭው አለ።

እማዬ «ምን አለህ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር መዋሸት አምሮኝ ነበር። ፊደል አልቆጠረችም፣ «አውሮፕላኑ ዘገየ» ብላት ማን ያውቅብኛል? ግን አፌ እምቢ አለኝ። «ሰዓቱን አሳስቼ አንብቤ አመለጠን» አልኳት። ዝም አለች። ቆይታ ቆይታ «አባቴ ድጓ ለማስመስከር ቤተ ልሔም ስንት ክረምት ተቀምጧል። እኔ አንድ ቀን ብቀመጥ ምን እሆናለሁ?» አለች። ከዚያ ጽሑፉን እያየች «እዚያ ላይ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ። «ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ» አልኳት። «አባ ኮስትር? የእሱ ነው እንዴ?» ብላ ፈገግ አለች። በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቀው ነገር ያገኘችው ያን ጊዜ ነው።

ልዩነቱን ከፍዬ ለማግስቱ፣ ያው ለ07:50፣ ቦታ ተገኘ። ችግሩ ቀጠሮው በዚያው በማግስቱ 4 ሰዓት መሆኑ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስንደርስ ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። በእማዬ እርምጃ ከአውሮፕላኑ እስከ ውጭው በር ብቻ ስንት ደቂቃ ሊፈጅ እንደሚችል አስቡት፣ የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ አለ። ስቆዝም አይታኝ መሰለኝ ትኬት የምትቀይረው ልጅ «እናትዎ ረጅም መራመድ ይችላሉ?» አለችኝ። «አይችሉም።» «ደረጃስ?» «ሰው ከደገፋቸው ይችላሉ።» «ዊልቸር ልመዝግብላቸው?» እኔ ቶሎ ብዬ «ስንት ነው?» አልኳት። «ነጻ ነው» አለች።

ለካ ጥያቄዋ እንዲሁ አልነበረም። በዓለም አየር መንገዶች ዘንድ የዊልቸር ጥያቄ ሦስት ዓይነት ኮድ አለው። ደብሊው ሲ ኤች አር ማለት ደረጃ ይወጣል፣ ረጅም መንገድ ግን አይችልም ማለት ነው። ደብሊው ሲ ኤች ኤስ ደረጃም ለማይችል ነው። ደብሊው ሲ ኤች ሲ ደግሞ እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ ለሚያስፈልገው ነው። ኮዱ በቦታ ማስያዣው ላይ ሲመዘገብ የሚሄዱበትም ኤርፖርት ሰው እንዲያዘጋጅ ይነገረዋል።

ጠዋት ዊልቸሩ መጣ። እማዬ አሻፈረኝ! «ቃሬዛ ላይ የሚወጣ እግር የሌለው ነው። እኔ እግር አለኝ» አለች። በእኛ አገር ሰው በሸክም ወጣ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኔ ስለምናት ባሰባት። የሚገፋው ልጅ ግን ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ እኔ እኮ የምከፈለው ለመግፋት ነው። እርስዎ በእግርዎ ከሄዱ እኔ ምን ልበላ?» አላት። ሳቀች። «ያገሬ ልጅ ትመስላለህ» አለችው። የእስቴ ልጅ ነው። ተቀመጠች። እስከ ደረጃው ድረስ ስለ እስቴ ሲያወሩ እኔን ማን አስታወሰኝ!

አውሮፕላኑ ሲነሳ እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ዓባይን ባየች ጊዜ ለቀቀችኝ። «ይኼን ሁሉ ገደል ሰው በእግሩ ነው የወረደው?» አለች።

ቦሌ ላይ ሌላ ልጅ የእማዬን ስም የያዘ ወረቀት ይዞ ዊልቸሩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀን። በሰልፍና በእርምጃ ሊፈጅብን የነበረውን ጊዜ በደቂቃዎች አሳለፈን። 3:50 ላይ ሐኪም ቤት በር ላይ ነበርን። መድኃኒት ጀመረች፣ ሌላ ቀጠሮም ተሰጣት።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እናትና አባታችሁን የምታሳፍሩ፣ እናንተም ራሳችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ፦

ትኬት ላይ ያለው ሰዓትም ቀንም የፈረንጅ ነው። 07:50 ጠዋት 1:50 ነው፣ 13:50 ደግሞ ከቀኑ 7:50። አንብባችሁ ስትጨርሱ ለሌላ ሰው አስነብቡ። እኔ ወንድሜን ብጠይቀው ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ዊልቸር ትኬት ሲቆረጥ ጠይቁ። በዕለቱ በር ላይ ደርሶ ከመለመን ቀድሞ ማስመዝገብ ይሻላል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ደንብ አለ። ትንሽ የክልል ኤርፖርትም ሆነ ትልቅ፣ መራመድ ለሚቸግረው መንገደኛ ያለ ክፍያ የመርዳት ግዴታ የኤርፖርቱ ነው። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ማሳወቅ ብቻ ነው። ለወላጆቻችሁ ትኬት ስትልኩ «ያስቸግራል» ብላችሁ አትተዉት።

እኔ ደግሞ አንድ ምኞት አለኝ። የአገር ውስጥ ትኬት ላይ ከ07:50 ሥር በእኛ አቆጣጠር «ከጠዋቱ 1:50» የምትል አንዲት መስመር ብትጨመር። እማዬ ፊደል ባትቆጥርም ፀሐይ ስትወጣ ሰዓት እንደሚጀምር ታውቃለች። «ከጠዋቱ» የምትለዋን ቃል ባነብላት ኖሮ እኔን ቀስቅሳ ታስነሳኝ ነበር፣ ተነስታ ነበር እኮ!

አሁን ቡና ላይ ለጎረቤት ስታወራ ስህተቴን ትዘለዋለች። «ልጄ መጀመሪያ አንድ ቀን ባሕር ዳር አሳርፎኝ ነው የወሰደኝ» ነው የምትለው።