ከግቢ ውጭ ያለ ቅጂ

የካርቱም ሐበሻ ሰርጉንና ክርስትናውን በዲቪዲ ያስቀምጥ በነበረበት ዘመን ዲስክ የማያረጅ ይመስል ነበር። ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ገበያ የወጣው ብሉ ሬይ በአንድ ንብርብር 25 ጊጋባይት ደረሰ፤ ሶኒና ፓናሶኒክ በ2014 ያስተዋወቁት አርካይቫል ዲስክ ደግሞ 300 ጊጋባይት። ነገር ግን በ2021 የወጣው ዘጠነኛው የኤልቲኦ ቴፕ ብቻውን 18 ቴራባይት ይይዛል። ሶኒም በ2025 ባዶ የብሉ ሬይ ዲስክ ማምረቱን አቆመ። በመጠን ረገድ ፉክክሩ አክትሟል።

ይሁንና አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ እንደ ፍላሽ በስሕተት አይሰረዝም። ጠላቱ ሌላ ነው፤ በቤት የሚቀዳበትን ዲስክ ቀለም ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል፤ ካርቱም ደግሞ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትግላለች።

ከሙቀቱም የባሰ መጣ። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ሲነሣ፣ በ1940 ሥራ የጀመረው የኦምዱርማን ሬዲዮ ግቢ በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ገባ፤ ሠራዊቱ ያስለቀቀው በመጋቢት 2024 ነው። በእነዚያ ወራት የመዝገቡን ዕጣ የሚወስነው ቴፕ ወይም ዲስክ መሆኑ ሳይሆን፣ ከግቢው ውጭ ሌላ ቅጂ መኖር አለመኖሩ ነበር። በመተማ በኩል ወደ አገሩ ለሸሸው ሐበሻም እንዲሁ ነው፤ ሁለት ዲስክ በሻንጣ ጥግ አይከብድም። ማጫወቻው ግን አብሮ ይታሰብ፤ አዳዲሶቹ ላፕቶፖች አብዛኞቹ የዲስክ መክተቻ የላቸውም።