ወጨጫን ከለመዱት ጋር

ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው ጎኑን ዘርግቶ የተኛ ትልቅ ተራራ ይታየዋል። ወጨጫ ይባላል። እሳቱ ከጠፋ እጅግ ብዙ ዘመን ያለፈው እሳተ ገሞራ ሲሆን፣ ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ 3385 ሜትር ያህል ነው። በጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደለማ ይነገራል።

በሚያዝያ ወር አንድ እሑድ፣ ተራራ መውጣት ልማዳቸው ከሆነ ስድስት ሰዎች ጋር ወደዚያ ተጓዝኩ። ከእኔ ሌላ አዲስ የነበረው አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ነው።

ኢስላም ሦስት ሰዎች እንኳ ለጉዞ ሲወጡ ከመካከላቸው አንዱን አሚር እንዲያደርጉ ያስተምራል። እኛም በዕድሜ የገፉትን፣ መንገዱንም አጥርተው የሚያውቁትን አባት መረጥን። እርሳቸውም እግራችንን ሳናነሳ ሁለት ነገር ነገሩን፦ ከፊት የሚሄደው ከሁላችን ደካማው ይሁን፤ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ ፊታችንን እንመልሳለን።

የመጀመሪያው ነገር ለአዲስ ሰው እንግዳ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ፈጣኑ ከፊት ሲሆን ርቆ ይሄድና ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ደካማው እያለከለከ ሲደርስ እርሱ አርፎ ይነሳል። ስለዚህ ዕረፍት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይውላል ማለት ነው። ፊት የተደረግሁት እኔ ነበርኩ፤ ስምንታችንም አንድ ላይ ዋልን።

መንገዱ መጀመሪያ በጥድና በዝግባ ጥላ ሥር ያልፋል። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከፍ ሲሉ ኮሶው፣ ከዚያም አስታው ይከተላል፤ አየሩም ይሳሳል። ሶሐቦች በጉዞ ላይ ሽቅብ ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ይሉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። እኛም ዳገቱ ሲጠና «አላሁ አክበር» እያልን ወጣን።

ለዙህር ሶላት ከአንዲት ምንጭ ውዱእ አደረግን። በሚያዝያ ቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም በጥላ አቅጣጫ መለየት ያስቸግራል። አሚራችን ግን ጠዋት ፀሐይ የወጣችበትን ሸንተረር አስታውሰው ነበር። እርሱን ወደ ቀኛችን አድርገን ወደ ሰሜን ዞርን፤ መካ ከዚህ አገር ወደ ሰሜን ናትና።

ከሶላት በኋላ ብዙም ሳንሄድ ጉም ወረደ። ጫፉም፣ ከሥራችን ያለው ደንም ተሸፈነ። ሰዓቱ 7 ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

«አባባ፣ ትንሽ እኮ ነው የቀረን!» አለ ተማሪው።

«ልጄ፣ የቀረንን ብቻ አትቁጠር፤ የምንመለስበትንም ቁጠር» አሉት።

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። ከልምደኞቹ ግን አንድም የተከራከረ አልነበረም። ያን ጫፍ ብዙ ጊዜ የረገጡ ሰዎች ቦርሳቸውን አንስተው ዞሩ። ቁልቁለቱ በጉም ረጥቦ ስለነበር ከአወጣጣችን ይልቅ አወራረዳችን ዘገየ፤ «ሱብሐነላህ» እያልን፣ በየመታጠፊያው እየተቆጠርን ወረድን። ከደኑ ስንወጣ ቀኑ መሽቶ ለዓይን ይዝ ጀምሮ ነበር። ጫፉ ድረስ ብንዘልቅ ኖሮ ያ ጨለማ የሚያገኘን ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር።

ወጣት ወንድሞችና እህቶች! ተራራ ለመውጣት ስታስቡ ከሚፈጥን ሰው ይልቅ መመለስ ከሚያውቅ ሰው ጋር ውጡ። የመመለሻ ሰዓታችሁን እግራችሁ ሳይደክም፣ ልባችሁም ጫፉን ሳይጓጓ፣ ገና ከታች ሳላችሁ ወስኑ። የዝናብ ልብስ፣ ውኃ፣ ተምርና ባትሪ ያዙ። ወላጆችም ልጆቻችሁን ከመከልከል ይልቅ አሚራቸው ማን እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ጠይቁ። አላህ በሰላም ወጥተው በሰላም ከሚገቡት ያድርገን። አሚን።