ስለዚያ በረንዳ

ባለፈው መስከረም የቤታችንን አዲስ በረንዳ ፎቶ እዚህ ለጥፌ ነበር። ግራጫ ግድግዳ፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ሴራሚክ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ የእንቁላል ቅርጽ ያለው ወንበር፣ ጥግ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር። «ቲቸር፣ ሪዞርት ከፈቱ እንዴ?» ያላችሁኝ አላችሁ። በዚህ ገጽ ላይ እንደዚያ ፎቶ ላይክ ያገኘ ነገር የለኝም። ስለ ስምጥ ሸለቆ አንድ ሳምንት ሙሉ ደክሜ የጻፍኩት እንኳን የዚያን ሩብ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ በውስጥ መስመር «ስንት ፈጀ? ማን ሠራው? ሴራሚኩን ከየት ገዛኸው?» የሚለው ጥያቄ አልቆመም። ለእያንዳንዳችሁ በየተራ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። ግን ፎቶው ላይ የማይታየውንም እጨምራለሁ፤ አለበለዚያ ያሳሳትኳችሁ ይመስለኛል።

እንደምታውቁት ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሠራው የድንጋይ ቤት ነው፤ ፊቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ መንገዱ ነው። የድሮው በረንዳ በረንዳ ለመባልም የሚበቃ አልነበረም። የጣሪያው ክፈፍ አንድ ሜትር ያህል ወጣ ይላል፤ ከሥሩ ቀይ የተቀባ የሲሚንቶ ወለል፤ ግድግዳውን ተደግፎ ደግሞ አባቴ በገዛ እጁ የገነባው የድንጋይ መደብ። እማዬ ጠዋት ጠዋት አጎዛዋን እዚያ መደብ ላይ ታነጥፍና ትቀመጣለች። ጥጥ ትፈትላለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ የሚያልፈውን ሰው ሁሉ ሰላም ትላለች። ጤና አዳሙ፣ የጥብስ ቅጠሉና እሬቱ በወተት ጣሳና በተቆረጠ የዘይት ጄሪካን ተተክለው መደቡ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። የበርበሬው ሰጣም እዚያው ነው።

እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያ በረንዳ አፍር ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ሲመጡ ቶሎ ብዬ ወደ ሳሎን ነበር የማስገባቸው። ማታ ማታ ደግሞ የተማሪ ደብተር አርሜ ስጨርስ ስልኬን እከፍትና ዩቲዩብ ላይ የሰው በረንዳ አያለሁ። «ዘመናዊ በረንዳ» ብላችሁ አንዴ ከፈለጋችሁ በቃ፣ ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ እየተከታተለ ያመጣላችኋል። ሰፊ ጣሪያ፣ የቀርከሃ መጋረጃ፣ ጥቁር የብረት ወንበር፣ ትልልቅ የአበባ ማሰሮ። ብዙዎቹ የተቀረጹት አሜሪካ፣ ያውም ሙቀቱ በሚከብደው በደቡቡ ክፍል ነው። ይህን ልብ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ!

እቁብ ደረሰኝና ሥራውን ሐምሌ ላይ ጀመርኩ። ለምን ሐምሌ? አስተማሪ የሚያርፈው ያኔ ነዋ። ሴራሚኩን የሠራልኝ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ ጥሩ ባለሙያ ሆኗል። የገዛሁትን ካርቶን ከፈተና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሳሎን ሴራሚክ ነው። ለውጪ ሻካራው ነው የሚሆነው፤ ይሄ ውሃ ሲነካው ያንሸራትታል» አለኝ። እኔ ደግሞ ቪዲዮው ላይ የሚያብረቀርቀውን ነበር የወደድኩት። አስተማሪነት ክፉ ልማድ አለው፤ ከተማሪህ መማር ይከብድሃል። «ግድ የለም፣ ልጠፈው» አልኩት። ወለሉ ወደ ውጪ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ዘቅዘቅ ማለት እንዳለበት ግን አልለቅም አለ። እሱን እንኳን ሰምቼዋለሁ፤ ዝናቡ ወደ ሳሎን ያልገባው በእሱ ነው።

ከዚያ መደቡ ጋ ደረሰ። «ይሄስ?» አለኝ።

«አፍርሰው» አልኩ።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። «ቤቱ ያንተ ነው ልጄ፣ እንዳሻህ» አለች። እኔ ይህን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። ድንጋዩ ተለቅሞ ወጣና ጋሪ መጥቶ እስኪወስደው ድረስ ከአጥሩ ውጪ፣ መንገዱ ዳር ተከመረ። ጋሪው ሳይመጣ ቀረ።

አላማረም አልልም፣ አምሮ ነበር። ጣሪያው 3 ሜትር ወደፊት ወጣ፣ ጣውላው ተቀባ፣ ቢጫ አምፖሎቹ በርተው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። (አምፖል ስትገዙ ነጩን ተዉት፤ በረንዳውን ፋርማሲ ያስመስለዋል። ይህን ምክር አሁንም አልለውጥም።) የእንቁጣጣሽ ዕለት እማዬ ቡና ልታፈላ ወጣችና እንደ ልማዷ ቄጤማ ጎዘጎዘች። የት? የፕላስቲክ ሣሩ ላይ! ባለቤቴ በሳቅ ፈረሰች። እኔ ግን ትንሽ ተናደድኩ፤ ፎቶ ላነሳ ነበር የተዘጋጀሁት። ከዚያ ከምድጃው አንድ ፍም ዱብ አለና የፕላስቲክ ሣሩን ቀደደው። ሽታው የዕጣኑን ሽታ ዋጠው። ቡና የሚፈላበት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ የፕላስቲክ ሣርና ከሰል አንድ ላይ አይሆኑም። እኔ ቀዳዳውን በአበባ ማሰሮ ሸፈንኩትና ፎቶዬን አነሳሁ። ላይክ ያደረጋችሁት እሱን ነው።

ጥቅምት ገባ። የእኛን አገር ጥቅምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ከአዲስ አበባ፣ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች በብዙ ብር ያመጣኋቸው ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች በመጀመሪያው ውርጭ እንደተቀቀለ ጎመን ሆነው አደሩ። ከጓሮ የተጣሉት የእማዬ ጣሳዎች ግን ምንም አልሆኑም። የብረት ወንበሮቹ ጠዋት ሲቀመጡባቸው በረዶ ናቸው። ጤዛ የነካው ሴራሚክ ላይ ባለቤቴ ሻይ እንደያዘች ተንሸራተተች፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብርጭቆው ብቻ ነው የተሰበረው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ግድግዳውን እየዳበሰች ስትራመድ አየኋት። እርጅና መስሎኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ቤት ረስቼ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ተመለስኩ። አጥራችን ጋ ስደርስ መንገዱ ዳር የድንጋይ ክምር ላይ ሁለት አሮጊቶች ተቀምጠዋል። አንዷ ጎረቤታችን ናት። ሌላዋ እማዬ። አጎዛዋ ከሥሯ ተነጥፏል፣ እንዝርቷ እጇ ላይ ነው። የተቀመጠችበት ድንጋይ የአባቴ መደብ ድንጋይ ነው።

«እማዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ፀሐይ እየሞቅሁ ነዋ።»

«በረንዳው እያለልሽ?»

«በረንዳውማ ይበርዳል። ያምራል፣ ግን ይበርዳል።»

ጎረቤታችን ነገሩን ለማቅለል ብላ «መንገዱ ይሻላል፣ ሰውም ይታያል» አለችና ሳቀች። እኔ መሳቅ አቃተኝ። የፈተናውን ወረቀት ወስጄ ወጣሁ፤ ስመለስም ሁለቱ እዚያው ነበሩ። ማታ ባለቤቴን ጠየቅኳት። ታውቅ ኖሯል። ከጥቅምት ጀምሮ እማዬ ጠዋት ጠዋት እዚያ ነው የምትቀመጠው፤ እኔ 2 ሰዓት ሳይሞላ ስለምወጣ አላየኋትም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ስላት፣ «ልንገረው ስላት ‘ተይው፣ ደክሞበታል’ አለችኝ» አለች።

በማግስቱ 10ኛ ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ሰሌዳው ላይ የፀሐይን ጉዞ መሳሌን ነው። ያስተማርኳችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፣ ይህችን ሥዕል በየዓመቱ እስላታለሁ። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ላይ ናት። ታኅሣሥ 12 ገደማ ፀሐይ ካፕሪኮርን ላይ ስለምትሆን እኛ ቀትር ላይ የምናያት አናታችን ላይ ሳይሆን ወደ ደቡብ አዘንብላ፣ ወደ 57 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ደግሞ ወደ ሰሜን ታልፈንና የደቡብ ግድግዳ የቀትር ፀሐይ አያገኝም። እንግዲህ አስቡት። አባቴ ቤቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ክፈፉን አንድ ሜትር ብቻ ሲያወጣ፣ በብርዱ ወራት ፀሐይዋ ከክፈፉ ሥር ገብታ መደቡ ላይ ታርፋለች። ክረምት ሲሆን ደግሞ መደቡ ጥላና ደረቅ ነው። እማዬ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷና እጇ ፀሐይ፣ ራሷ ጥላ ይሆኑላት የነበረው በዚህ ነው። አባቴ ዲግሪ የሚባል ነገር፣ የማዕዘኑንም የትምህርቱንም፣ አያውቅም። እኔ 3 ሜትር ጣሪያ ዘረጋሁ፣ የቀርከሃ መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ታኅሣሥን ከቤቴ አስወጣሁ። የሠራሁት ሐምሌ ስለነበር አልታየኝም፤ ሐምሌ ደብረ ብርሃን ሁሉም ቦታ ጥላ ነው።

ድሬዳዋ ብሆን ኖሮ ልክ ነበርኩ። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ እዚያ በረንዳ የሚሠራው ከፀሐይ ለመሸሽ ነው። እኛ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ነን። እዚህ በረንዳ የሚሠራው ፀሐይን ለመያዝ ነው። በረንዳ ልትሠሩ ያሰባችሁ ሰዎች ከእኔ አንድ ነገር ውሰዱ ብባል፣ ቀለምና ወንበር ከመምረጣችሁ በፊት በብርዱ ወር አንድ ቀን ሙሉ ፀሐይዋ የት የት እንደምታርፍ በጠመኔ ምልክት አድርጉ እላለሁ። ቤታችሁ ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ ጠመኔም አያስፈልጋችሁም፤ ጠዋት የት እንደሚቀመጥ እዩ።

የጥር ዕረፍት ላይ ያንኑ ልጅ ጠራሁት። ከክምሩ ፊት ቆመና «ጋሪው አለመምጣቱ በጀ» አለ፤ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ጨዋ ልጅ ነው። ጣሪያውን ለመቁረጥ ገንዘብ አልነበረኝም። ስለዚህ መደቡን ከበረንዳው ውጪ፣ ከጣሪያው ጫፍ ወጣ አድርገን፣ የበረንዳውን አጭር ግንብ መደገፊያ አድርገን በዚያው ድንጋይ ሠራነው። ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ ነው የገዛሁት። የቀርከሃ መጋረጃው ወረደ። ደረጃው ላይ ያለው ሴራሚክ ተነቅሎ በሻካራ ድንጋይ ተተካ፤ የቀረው ወለል እንዳለ ነው፣ እማዬ በምትሄድበት በኩል ምንጣፍ አንጥፈንበታል። የፕላስቲክ ሣሩን ለዶሮዎቹ ሰጠናቸው፣ እነሱም አልወደዱትም። የእንቁላሉ ወንበር አለ፤ የእህቴ ልጆች ሲመጡ ይጣሉበታል። ግራጫው ግድግዳ አሁንም ደስ ይለኛል። እማዬም አንድ ቀን በቀለሙ ፊት ሰፌዷን ሰቅላ «አሁን ገና ቤት መሰለ» አለችኝ፤ እውነትም ቀይና ቢጫው ስፌት በግራጫው ላይ ከገዛሁት ጌጥ ሁሉ በልጦ ይታያል።

ያልተስተካከለ ነገርም አለ። ሳሎኑ በጣሪያው ምክንያት ጨልሟል፤ ቀን ላይ መብራት እናበራለን። አንድ ሁለት ቆርቆሮ አንስተን ብርሃን በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ልንተካ አስበን፣ በረዶ ሲመታው ይሰነጠቃል ስላሉን እያመነታን ነው። ልምድ ያላችሁ ጻፉልኝ። ዋጋ ለጠየቃችሁኝ፣ አጠቃላዩን እዚህ አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን ገጽ ታነባለች።

መደቡ ያለቀ ዕለት እማዬ አጎዛዋን ይዛ መጣች። ተቀመጠች፣ ተነሣች፣ እንደገና ተቀመጠች። ድንጋዩን በመዳፏ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችውና «የአባትህ ከዚህ ከፍ ይል ነበር» አለች። ልክ ናት፤ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ድንጋዩ ሁሉ አልተገኘም፤ አንዳንዱን ሰው ወስዶታል። በማግስቱ አጎዛውን ደርባ አጠፈችና ጉድለቱን ሞላችው።

ጣሳዎቹም ከጓሮ ተመልሰው መደቡ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል። የጥብስ ቅጠል ችግኝ የምትፈልጉ፣ እዚሁ ከተማ ያላችሁ፣ ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ ብቅ በሉ። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ እማዬ ግን መደቡ ላይ ናት፣ ትሰጣችኋለች። ዝም ብላችሁ ግን እንዳትሄዱ፤ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆናችሁ ትጠይቃችኋለች።